ከሸራው ጀርባ የተቀመጡት

ሸጌ ፊልሙን ዋሽታ ተረጎመችው። የሞተውን ሰውዬ አልሞተም አለች። ሌላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ክፋት አስባ አይደለም። የሲኒማው መኪና በጥቅምት፣ በገበያ ቀን፣ አቧራውን እያቦነነ ከጎንደር ወረታ ገባ። ሰዎቹ ከገበያው ዳር ሁለት ረጃጅም እንጨት ተከሉና በመካከሉ ነጭ ሸራ ወጠሩ። ወረታ ከዚያ በፊት ሲኒማ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አገሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሹማምንቱ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ነጋዴው፣ ገበሬውና ተማሪው ከነሱ ኋላ መሬት ላይ። ለሴቱ ቦታ ጠፋ።

«እናንተ በወዲያ በኩል ሁኑ» አለ አንዱ ዘበኛ፣ በዱላው ወደ ሸራው ጀርባ እያመለከተ። «ከዚያም ይታያል።»

እውነቱን ነው፤ ይታያል። ሸራው ስስ ስለሆነ ብርሃኑ አልፎ ይመጣል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ከጀርባ ተደረደሩ። የሸጌ እናት እናኑ በርበሬዋን ሸጣ ጨርሳ ነበርና ባዶውን ጆንያ አንጥፋ ተቀመጠች። ከጎኗ ምራቷ ድንቅነሽ። ከድንቅነሽ አጠገብ ሸጌ።

ችግሩ ሞተሩ ነው። መብራት የሚሰጠውን ሞተር ያቆሙት በሴቶቹ በኩል ነበር። ሲነሣ ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ከፊት ለፊት አንድ አስተርጓሚ ፈረንጆቹ የሚሉትን በድምፅ ማጉያ ባማርኛ ይናገራል አሉ። ከጀርባ ግን የሚሰማው ዱዱዱዱ ብቻ ነው።

«ምንድን ነው የሚሉ?» አለች አንዷ።

«እኔ ምን አውቄ! ሞተሩን ጠይቂው።»

«ኧረ ተማሪ አለች እዚህ! የእናኑ ልጅ! አንቺ ሸጌ፣ እንግሊዝኛ ትማሪ የለም?»

ሸጌ ሰባተኛ ክፍል ናት። እንግሊዝኛ ትማራለች። አንድ ቀን መምህሩ በተማሪው ሁሉ ፊት «ጎበዝ» ብሏታል፤ አንድ ቀን ብቻ። አሁን ያ ሁሉ ሴት ዞሮ ሲያያት፣ እናቷም አንገቷን ቀና አድርጋ ስትጠብቅ፣ «አይሰማኝም» ማለት ሞት መሰላት።

«እማራለሁ» አለች።

«በይ ንገሪና! ምን ትግደረደሪያለሽ?»

ተናገረች። መጀመሪያ ቀላል ነበር። አንድ ወታደር አለ፤ ከሩቅ አገር የመጣ። ዝናብ የማያቋርጥበት ከተማ ነው። አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴት አለች። ተያዩ። ተዋደዱ። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያሻም።

ሰውዬው ሴትዮዋን ሲስማት ሴቱ ሁሉ «ውይ!» አለ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ አንቺ!»

«አንቺ ጨፍኚ! እኔ ሁለት አግብቼ ሁለቱንም ፈትቻለሁ።»

ሳቁ። ሸጌም ሳቀች። ወዲያው ባንድ ግድግዳ ላይ ጽሕፈት ታየ፤ ትልልቅ ፊደል። ሸጌ ልታነብ ቀና አለች። አንዱንም አላወቀችውም። የምታውቃቸው ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። የሚያውቁት ሰው ፊት በእንቅልፍ ልብ እንደሚታየው ያለ ነገር ሆኑባት።

«ምን ይላል ጽሕፈቱ?»

«የሌላ አገር ፊደል ነው» አለች።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ወታደሮቹ ለአለቃቸው ሰላምታ ሲሰጡ በግራቸው ነው። ሰውዬው ሲጽፍ በግራው። ሲበላ በግራው። የነሱ ቄስ እንኳ ሲባርክ በግራው።

«እነዚህ ሁሉ ግራኝ ናቸው እንዴ?» አለች አንዲት አሮጊት።

«የፈረንጅ አገር እንዲያ ይሆናላ።»

«የፈረንጅ አገር አይደለም» አለች አሮጊቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሙት ነው በግራው የሚበላ።»

ይኼን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ድንቅነሽ እጇን የሸጌ ጉልበት ላይ አሳረፈች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

ምክንያቱን ሸጌ ታውቃለች። ወንድሟ ዳኘው፣ የድንቅነሽ ባል፣ ግራኝ ነበር። ድንቅነሽን ባገባ በዓመቱ ለወታደርነት ወጣ፤ ቀጥሎ ኮሪያ ዘመተ ተባለ፤ ቀጥሎ ዝም። ከዘመቻው የተመለሰ አንድ የሐሙሲት ሰው፣ አሥር አለቃ በላቸው፣ እናኑ ቤት መጥቶ «ከጎኔ ወደቀ። እኔው ነኝ ተሸክሜ ያወረድሁት» አለ። እናኑ ደረቷን ልትመታ ተነሣች። ድንቅነሽ እጇን ያዘቻት።

«ሬሳውን ያየ የቤቴ ሰው የለም» አለች።

ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ያገሩ ልማድ አለ። ልብሱን አልጋ ላይ ይዘረጋሉ፤ ሬሳ እንደተኛ። አገር ተሰብስቦ ለልብሱ ያለቅሳል። የዳኘው ልብስ ግን ድንቅነሽ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ እሷም አላወጣም አለች። አማት ለመነች፣ ቄስ ለመነ፣ ወላጆቿ ከወንዛዬ መጥተው ለመኑ። ዓመታት አለፉ። በዚህ ዓመት፣ መስከረም ሲጠባ፣ ድንቅነሽ በራሷ ጊዜ «ኅዳር ሚካኤል ይለፍና አወጣላችኋለሁ» አለች። እናኑ እህሉን ማዘጋጀት ጀምራ ነበር።

ሸራው ላይ ባቡር ቆሟል። ጭሱ ሜዳውን ሞልቶታል። ወታደሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሴትዮዋን አንድ ረዥም ነገር ይላታል። ባቡሩ ሲነሣ እሷ ከስር ትሮጣለች።

«ምን አላት? ምን አላት?» ሴቱ ሁሉ ባንድ አፍ።

ሸጌ አፏን ከፈተች። ምን እንደምትል አላሰበችም ነበር። ነገሩ ራሱ ወጣ።

«ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ ውጪና ድልድዩ ላይ ቁሚ። ማንም ሳያየኝ ቀድመሽ አንቺ ታዪኛለሽ።»

«በነሱም አገር ሜዳው በውሃ ይዋጣል እንዴ?» ብላ አንዷ ሳቀች። «ፎገራ መስሏታል እኮ!»

የድንቅነሽ ጣቶች የሸጌን ጉልበት ጨመደዱ። ሸጌ ዞር ስትል ድንቅነሽ ሸራውን ሳይሆን እሷን ታያለች። ዓይኗ አይርገበገብም።

ከዚያ ጦርነት ሆነ። ጭስ፣ እሳት፣ ጉድጓድ። ወታደሩ ወደቀ፤ ጓደኛው ፊቱን በካፖርት ሸፈነው። ቀጥሎ ሴትዮዋ ድልድይ ላይ ቆማ ታየች። ጉም ነው። ከጉሙ ውስጥ ወታደሩ ወጣ፤ ቆብ የለውም፣ ጠመንጃ የለውም። ቀስ ብሎ እየተራመደ መጣ። ግራ እጁን ዘረጋላት። ሸራው ባዶ ነጭ ሆነ፤ ሞተሩም ቆመ።

ጸጥታው ጆሮ ያማል።

«ሞተ ማለት ነው?» አለች አንዷ።

ሸጌ ድንቅነሽን አየቻት። ከዓመት እስከ ዓመት እንደ ጥጥ የሚገረጣው ፊቷ በርቷል። እና ሸጌስ? እሷም ወንድም ነበራት። ፊቱን እንኳ በደንብ አታስታውሰውም።

«አልሞተም» አለች። «ቆስሎ ነበር። ዘገየ እንጂ መጣ። ይኸው መጣ አይደል?»

ሴቶቹ እልል አሉ። ከሸራው ወዲያ ያሉት ወንዶች ግን ድምፃቸው አይሰማም ነበር።

*

በማግሥቱ ጠዋት ድንቅነሽ ጠጉሯን ቅቤ ቀብታ፣ እንዝርቷን ይዛ፣ ደጅ ተቀምጣ ስትፈትል ተገኘች። ታንጎራጉራለች። እናኑ ቆማ አየቻት።

«ደህና አደርሽ፣ ድንቅነሽ?»

«ደህና፣ እማማ። ያን ነገር ይተዉት።»

«የቱን ነገር?»

«ልብሱን አላወጣም። ውሃው እየሸሸ ነው።»

እናኑ አልገባትም። ሸጌም አልገባትም። ቃሉ ግን ማታ ከራሷ አፍ የወጣው መሆኑን ለየችው።

ትምህርት ቤት የክፍል ጓደኛዋ አድማሴ አገኛት። አድማሴ ሲኒማውን ከፊት ተቀምጦ ነው ያየ፤ ያባቱ ወንበር እግር ስር።

«አለቀስሁ እኮ» አለ። «ለማንም እንዳትነግሪ። የሞተሩ ጭስ ዓይኔ ገብቶ ነው ብያለሁ።»

«ምን ያስለቅሳል?»

«ሰውዬው ሲሞት ነዋ!»

«መቼ ሞተ? በመጨረሻ መጣ አይደል?»

«አስተርጓሚው ነገረን እኮ። በሐሳቧ ነው፤ ከሞተ በኋላ ሁልጊዜ እዚያ እየሄደች ትቆማለች፤ የመጣ ይመስላታል። እናንተ ምን ሰምታችሁ ነው?»



«ግራኝ ነበር አይደል?» አለች ሸጌ።

«ማን? ሰውዬው? ኧረ በቀኙ ነው። ለአለቃው ሰላምታ ሲሰጥ ቀጥ አድርጎ በቀኙ …» አድማሴ አቋረጠና ሳቀ። «አንቺ! ከጀርባ ሆነሽ እኮ ነው ያየሽው! ተገልብጦ!» ከደብተሩ አንድ ገጽ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ገልብጦ ያዘው። የእንግሊዝኛው ፊደል ከወረቀቱ ጀርባ ታየ። የምታውቃቸው ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። «ይኸው። የተገለበጠ ሲኒማ አይተሽ አስተርጓሚ ተባልሽ አሉ! ጉድ!»

እንግዲህ ያን ቀን መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ «አስተርጓሚዋ መጣች» ይሏታል። እናቷ ለበርበሬ ደንበኞቿ ሁሉ «የኔ ልጅ እኮ የፈረንጁን ቃል አንድ በአንድ …» ትላለች። ደግሞም ድንቅነሽ እየሳቀች ነው። የሚስቅ ሰው ላይ ምን ብሎ ይነገራል?

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ይልቅ ሌላ ነገር ተተካ። ድንቅነሽ በየማታው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ርብ ወንዝ ድልድይ ትሄዳለች። ክረምቱን ባሕር ሆኖ የከረመው የፎገራ ሜዳ በየቀኑ እየጎደለ፣ ጭቃውና የሞተው ሣር ብቅ እያለ ነው። ከዚያ ላይ አመሻሹን ነጭ ጉም ይነሣል። ድንቅነሽ ድልድዩ ላይ ትቆማለች። ጅብ ሲጮህ ትመለሳለች። እራቷን ግማሹን ታስቀርና ሸፍና ከሳጥኑ አጠገብ ታኖራለች። ጠዋት ድመት በልቶት ሲገኝ «በልቷል» ትላለች።

እናኑ ሰው ላከች፤ አሥር አለቃ በላቸው ከሐሙሲት መጣ። ረዥም፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ ሰው ነው። ጋቢውን ሰብስቦ መደብ ላይ ተቀመጠ። ጠላ ቢቀዱለትም አልጠጣም።

«ድንቅነሽ እኅቴ» አለ። «እኔ እኮ በዚህ ትከሻዬ ነው ያወረድሁት። ምን ጠቅሞኝ እዋሻለሁ?»

ድንቅነሽ እንዝርቷን አላቆመችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወንድሜ። የተሸከምኸው ሰው ጠመንጃውን በየትኛው እጁ ነበር የሚተኩስ?»

«በ … በቀኙ ነዋ።»

«እንግዲያ ሌላ ሰው ነው የተሸከምህ። ነፍስ ይማር።»

«ኧረ የኔ እመቤት! ጦር ሠራዊት ውስጥ ግራኝ የሚባል የለም። እየደበደቡ ሁሉንም ቀኝ ያደርጉታል!»

ድንቅነሽ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ነው ሸጌን ያስፈራት። አባብለው እንደሚያስተኙት ሕፃን ነው በላቸውን ያየችው።

«እንኳን ሰው» አለች፣ «ሸራው እንኳ አይቶታል።»

በላቸው ሲሄድ እናኑ ምድጃው ዳር ተቀመጠች። እሳቱን አትቆሰቁስም፤ ዝም ብላ ታየዋለች።

«ያ የሰይጣን ሸራ ነው ያሳበዳት» አለች። «ልታወጣልኝ ነበር እኮ። ልጄን ላለቅሰው ነበር። እዪ፣ እዚህ ጋ ነው የቆመ» ጉሮሮዋን ነካች። «ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ ጋ ቆሟል። አይወጣ፣ አይወርድ። ሳላለቅሰው ልሞት ነው፣ ሸጌ። እናቱ ሳታለቅሰው የቀረ ሰው የት ይገባል? ማንስ መንገድ ይሰጠዋል?»

ሸራው አይደለም፣ ልትል ከጀላት ሸጌን። እኔ ነኝ። ቃሉ አፏ ድረስ መጣ። ደጁ ተከፈተ፤ ድንቅነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

«ተከተያት» አለች እናኑ። «ጅብ ሳይጮህ አምጪልኝ።»

*

ጉሙ ከሌላው ቀን ይበልጥ ወፍራም ነበር። ሸጌ መንገዱን በእግሯ እየዳበሰች ሄደች። ከሜዳው ላይ የረጋ ውሃ ሽታ ይመጣል። የሆነ ቦታ አንዲት ላም ጠርታ ዝም አለች። ርብ ከድልድዩ ስር ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ድምፁ አይሰማም።

ድንቅነሽ ድልድዩ መካከል ቆማለች።

«እታለም፣ እንሂድ። እማዬ ጠርታሻለች።»

«እሽ! ዝም በይ። እየመጣ ነው።»

«ማን?»

ድንቅነሽ በአገጯ ወደ ማዶ አመለከተች። ሸጌም ሰማችው። ኮቴ ነው። ከወዲያ ማዶ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አንድ ሰው ቀስ እያለ ይራመዳል። ጠፕ። ጠፕ። ሸጌ የድንቅነሽን ነጠላ ጫፍ ያዘች። ጉሙ መሐል ጥላ ታየ፤ ረዘመ፤ ሰው ሆነ። ቆብ የለውም። አንድ ቃል አይናገርም።

ግራ እጁን አነሣላቸው።

ሸጌ መሸሽ ፈለገች። መሮጥም ፈለገች፤ ወደ እሱ። «ወንድሜ» ልትል አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት የራሷን ውሸት አመነች። አድማሴንም ረሳች፣ የተገለበጠውን ወረቀትም ረሳች።

ሰውዬው ቀረበ። ቀኝ ትከሻው ላይ ቀንበር ተሸክሟል፤ በቀኝ እጁ ደግፎታል። ሽማግሌ ነው። ጢሙ ነጭ ነው።

«እንደምን አመሻችሁ ልጆች» አለ በደከመ ድምፅ። «በዚህ ጉም ምን ትሠራላችሁ? ግቡ እንጂ።»

አልፏቸው ሄደ። ኮቴው ራቀ፤ ጉሙ ዋጠው።

ሸጌ የያዘችውን ነጠላ ለቀቀች። ድንቅነሽ ግን ዞራለች። ሽማግሌው የሄደበትን እያየች መራመድ ጀመረች።

«እታለም፣ ወዴት ነው?»

«አላወቀንም። መሽቶበት ነው። ስጠራው ያውቀኛል።»

«ሽማግሌ ነው እኮ! ቀንበር የተሸከመ! በቀኙ ሸክም ስለያዘ ነው በግራው …»

«አርጅቷል። መቆየት ያስረጃል።»

ልትቀድመው መንገዱን ትታ ወደ ሜዳው ወረደች። እግሯ ውሃ ውስጥ ጠለቀ። ከወዲያ፣ ከሩቅ፣ ጅብ ጮኸ።

ሸጌ ዘልላ ነጠላዋን በሁለት እጇ ያዘችው። ጎተተቻት።

«ዋሸሁ!» ብላ ጮኸች። «እታለም፣ ዋሸሁ! አንድም ነገር አልሰማሁም ነበር። ሞተሩ ነው የሚሰማኝ፣ እንደናንተው። ዝም ብዬ ነው ከልቤ የፈጠርሁ። ሰውዬው ግራኝ አይደለም፤ ሸራውን ከጀርባ ነው ያየነው፤ ሁሉም ተገልብጦ ነው። ግራኝ የለም፣ አልመጣም፣ ሁሉንም እኔ ነኝ ያልሁት!»

ድንቅነሽ ቆመች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አልፏል።

«ባቡሩ ላይ ያላትስ?» አለች። «‹ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ› ያልሽው?»

«እሱንም እኔው ነኝ ያልሁት።»

«ከየት አመጣሽው?»

«እኔንጃ። ዝም ብሎ መጣልኝ።»

«ዝም ብሎ» አለች ድንቅነሽ። ዞራ አየቻት። በጉሙ ውስጥ ፊቷ አይለይም። «ዳኘው ሲሄድ ጎሕ አልቀደደም ነበር። እማማ በሬዎቹን ሊያስወጡ በረት ነበሩ። እዚያች ጎጆ ውስጥ ከኔና ከእሱ በቀር ሰው አልነበረም። ያን ቃል አለኝ። አንድ ሳትጨምሪ፣ አንድ ሳትቀንሺ፣ ያልሽውን። ለእናቴ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴ አልነገርሁም።»



«ማንም አልነበረም?» አለች ሸጌ።

«አንቺ ነበርሽ።»

«እኔ?»

«ኩፍኝ ይዞሽ ነበር። ጥጉ ላይ፣ ጋቢ ውስጥ። ዓይንሽ ተጣብቆ፣ እህል ውሃ ካፍሽ ተለይቶ፣ ማንም ትተርፋለች ያላለሽ ልጅ ነበርሽ። እንደ ሬሳ።»

«እንግዲያ ሰምቼ ነዋ! ሰምቼ ነው፣ እታለም!»

«ታስታውሻለሽ?»

ሸጌ ፈለገች። ጎጆውን፣ ጨለማውን፣ የወንድሟን ድምፅ፣ በልቧ ውስጥ እየዳበሰች ፈለገች። ምንም አልነበረም። የዳኘው ድምፅ ቀጭን ይሁን ወፍራም እንኳ አታውቅም።

«አላስታውስም» አለች።

«እና ማን አስታወሰሽ?»

ሁለቱም ጉሙን አዩ።

«ከፊት የተቀመጡት» አለች ድንቅነሽ፣ «አስተርጓሚውን የሰሙት። ምን ሰሙ?»

ሸጌ ምን እንደተጠየቀች ገባት። መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ሲነጋጋ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው ተመርጦ፣ ሐዘንተኛውን የሚይዝ ሰው ቆሞ። ልጅ መርዶ አይነግርም። በምሽት፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ አይነገርም። «አላውቅም» ብትል ትችላለች። እጇን ይዛ ወደ ቤት ልትወስዳት ትችላለች፤ ነገም ድልድዩ እዚያው ነው፣ ጉሙም እዚያው ነው።

የድንቅነሽን ክንድ ያዘች። ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ ሰዎች ሐዘንተኛ ሲይዙ እንዳየችው።

«ሞተ» አለች።

«ሰውዬው?»

«ሰውዬው» አለች ሸጌ። «ዳኘውም።»

ድንቅነሽ አልጮኸችም። ውሃው ውስጥ ቁጭ ልትል ሸጌ በሁለት እጇ ደገፈቻት። ክብደቷ ከባድ አልነበረም፤ የበላችው ስለሌለ የሰው ሲሶ ሆናለች። ጅቡ እንደገና ጮኸ፤ አሁን ቀረብ ብሎ።

«የኔ እጅ እንቢ ይለኛል» አለች ድንቅነሽ፣ ድንጋዩን መንገድ ሲረግጡ። «ልብሱን አንቺ አውጪላቸው።»

«እሺ።»

«ቀስ ብለሽ። ሳይጨማደድ።»

«እሺ፣ እታለም።»

ወረታ እስኪደርሱ ሸጌ ክንዷን አልለቀቀችም። ጎጆው ውስጥ ምድጃው ይበራል። እናኑ ኮቴ ሰምታ ከውስጥ «ማነው? አገኘሻት?» አለች።

ሸጌ ድንቅነሽን ደጁ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። የገዛ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ አዘቀዘቀችው፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ለበሰችውና ገባች።